ዘጠና ስምንት ቤንዚንና የመኪናዋ ጋቢ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሱራፌል፤

እንዴት ነህልኝ? ጤናህስ? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይ? ያ የዱባይ ሙቀትስ እንዴት አድርጎ ይዞሃል? እዚህ ክረምቱ በርትቶ ጭጋጉ ከእንጦጦ እየወረደ ደጃፋችን ላይ ይተኛል። ጠዋት በሩን ስከፍት ሁልጊዜ አንተን ነው የማስበው፤ የኛን ብርድና የአንተን ፀሐይ እኩል ቢያካፍሉን ምን ነበረበት እላለሁ። ምግብህን በሰዓቱ ትበላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ያስቸገረን ናፍቆትህ ነው፤ እሱም ብዙ ከመቆየቱ የተነሣ እንደ ቤተሰብ ሆኖ አብሮን ይኖራል።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ። ስልክ ስደውልልህ ቆይ መልሼ ልደውልልሽ ትላለህ፣ ከዚያ ወዲያ የለህም። በቴሌግራም ድምፅ ስልክልህ ደግሞ ፍጥነቱን እጥፍ አድርገህ ነው የምትሰማኝ። አባባን ሳይቀር እንደዚያ እንደምትሰማው ራስህ ነግረኸኛል፤ እግዜር ይይልኝ! ደብዳቤ ግን ቢያንስ አያቋርጡትም። ጎረቤታችን ጀዊሪያ እረፍቷን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ወደ ዱባይ ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ፤ አብሮት ጥቅል አለ። ደብዳቤውን ሳትጨርስ ጥቅሉን እንዳትፈታ፣ በእማዬ ይዤሃለሁ።

ነገሬ ስለ መኪናህ ነው። በእሷ አሳብቤ ግን ሌላም የምለው አለኝ፤ ትዕግሥት ይኑርህ።

መኪናህ እንዳስቀመጥናት ናት። ተጋጭታ የተጣለችውን ቀይ ስፖርት መኪና ከጋራዥ ሥራህ በኋላ እየጠገንክ፣ የቤንዚን መኪና ማስገባት ሳይከለከል በፊት በጅቡቲ በኩል ስትልካት ሽሮ ሜዳ ሙሉ ወጥቶ ነበር ያያት። አባባ የዚያኑ ዕለት የሽመና ዕቃውን ከግቢው መጠለያ አውጥቶ ለእሷ ቦታ ለቀቀላት፤ እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ ሳይቀር በጣውላ ከደነው። እሱ ይኸው እስከ ዛሬ በረንዳው ላይ ተጣቦ ይሸምናል። ይህ አልበቃ ብሎት ብረት ይበርደዋል ብሎ ጋቢ ሠራላት! ጥለቱን እንደ እሷው ቀይ አድርጎ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ የሚያለብስ ጋቢ። ሰው ምን ያላለን አለ? ለመኪና ጋቢ የሚሠራ ሸማኔ የት ይገኛል ብለው ሳቁብን። አባባ ግን የሸማኔ ቤት ገብቶ ራቁቱን የሚያድር እንግዳ የለም ብሎ መለሰላቸው።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ህልም ይመላለስብኛል። መኪናዋ ጋቢዋን እንደተከናነበች ተኝታ ትተነፍሳለች፤ ጋቢው ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። እንዳልቀሰቅሳት ኮቴዬን አጥፍቼ ስጠጋና ጋቢውን ገለጥ ሳደርግ የተኛኸው አንተ ነህ። ይህን ለእማዬ ስነግራት ለአንቺም ለመኪናዋም ጠበል ያስፈልጋችኋል አለችኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ለፋሲካ የደወልክ ዕለት የተናገርከው አንድም ቃል አልጠፋኝም። አባባ መኪናዋ ለምን አትነዳም ብሎ ሲጠይቅህ የቤንዚን መለኪያ ስለሆነው ስለ ኦክቴን ረጅም ትምህርት ሰጠኸው። የስፖርት መኪና ሞተር አየሩንና ቤንዚኑን ሲሊንደር ውስጥ ከሌላው መኪና ይበልጥ አጥብቆ ይጨምቃል፤ ቤንዚኑ ታዲያ ካንዴላው ለኩሶት እሳቱ እስኪደርሰው ጭንቁን ችሎ መቆየት አለበት፤ ኦክቴኑ ዝቅ ያለ እንደሆነ አይችልም፣ ያለ ተራው ይፈነዳል፤ ያን ጊዜ ፒስተኑን በመዶሻ እንደ መቀጥቀጥ ነው አልክ። እሷ ዘጠና ስምንት ካላገኘች አይሆንላትም፣ እዚያ አገር ያለው ዘጠና ገደማ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ለጓደኛዬ ለሌንጮ ስጡትና ፈታትቶ መለዋወጫዋን ይሽጠው አልክ። ቀጥለህም፣ ያው እንደ ዋዛ፣ እኔም ለመስቀል አልመጣም አልክ።

አባባ የመለሰልህን ታስታውሳለህ? ኦክቴን ማለት ትዕግሥት ነው በለኛ አለህ። አንተም ሳቅህና አዎ አባባ፣ ትዕግሥት ነው ብለህ ዘጋህ። እሱ ግን አልሳቀም። የጋሞ ልጅ መስቀልን ቤቱ ካልዋለ የት ይውላል? እዚህ ሰፈር ያለ ሸማኔ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ተጎንብሶ የሚሠራው በመስቀል ቀና ብሎ አገሩ ጨንቻ ለመግባት አይደለም እንዴ? አንተ ከቀረህ ወዲህ እኛም አልሄድንም። አባባ ልጄ የት አለ ሲሉኝ ምን እላለሁ እያለ ዓመት ዓመት ሰበብ ይፈልጋል። የዚያን ዕለት መሸት ሲል ወጥቶ የመኪናዋን ጋቢ አስተካክሎ አለበሳትና ሳይበላ ተኛ።

ሌንጮ የመጣው ፍልሰታ እንደተያዘ ነው። አዲሱ ገበያ ጋራዥ ከከፈተ ወዲህ ወፍሯል፣ ብታየው አታውቀውም። በአንተ ትእዛዝ ሊወስዳት ነው የመጣው፤ ነገር ግን ከመፍታቴ በፊት ድምጿን አንዴ ልስማ ብሎ ባትሪ ይዞ መጣ። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሯ ሳለች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ጠፋች። ደግሞ አዞረ፤ ደግሞ ጠፋች። ከታንከሯ ቤንዚን ቀድቶ በብርጭቆ ሲያየው ከላይ ቢጫ ቤንዚን፣ ከታች ኩልል ያለ ውኃ! ማነው በዚች መኪና ውኃ የጨመረ ብሎ ጮኸ። እማዬ ነጠላዋን ደጋግማ ታጣፋለች፣ ቀና አትልም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ለካ አንተ ዘጠና ስምንት የለም ያልክ ጊዜ እሷ በእግሯ እንጦጦ ማርያም ወጥታ፣ በሃይላንድ ጠበል ቀድታ፣ እኔን የታንከሩ ክዳን በየት በኩል ነው ብላ ጠይቃ (እኔም ሞኝ አሳይቻት!) ዳዊቷን ደግማ ጨምራበታለች። ስንቱን የተኛ በሽተኛ ያስነሣ ጠበል ለአንዲት መኪና ያንሳል? አለች። ሌንጮ በሳቅ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፕሮቴስታንት ቢሆንም ግን አክብሮ ነው የቀዳው፤ ጠበል እግር በሚረግጠው አይፈስም ብላ ቆመችበታ! አጥሩ ጥግ ሰው የማይደርስበት ቦታ አስቆፍራ አስደፋችው። አንተ ከዱባይ ያስቀረህባት ቤንዚንም አብሮ ተደፋ። እንዳትናደድ፣ ሲቀመጥ ከርሞ ሽታው ተለውጦ ነበር፤ ሌንጮ እንዳለው ዘጠና ስምንቱ ራሱ ቆይቶ ቆይቶ ዘጠና ስምንትነቱን ትቷል።

ታንከሯ ባዶ ቀረ። ሌንጮ ኮፈኗን ከፍቶ ብዙ አጎነበሰና ቀና ብሎ ወደ እንጦጦ አየ። ከዚያ ይቺ መኪና እኮ ቱርቦ የላትም አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ቱርቦ ቢኖራት አየሩን ገፍቶ ያስገባላት ስለነበር ከፍታው ለውጥ አያመጣባትም ነበር፤ ይቺ ግን በገዛ ሳንባዋ ነው የምትተነፍሰው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምታስገባው ያንሳል፤ ያነሰውን ብትጨምቀው ደግሞ ጭንቁ እንደ ዱባይ አይበረታም። ስለዚህ ቤንዚኑን ያን ያህል ትዕግሥት አትጠይቀውም። ጉልበቷ ይቀንሳል እንጂ በዚሁ በተራው ቤንዚን በሰላም ትሄዳለች አለ። ከዚያ ደግሞ ወደ እኔ ዞረና፣ ይህን እኮ ሱራፌል ያውቃል፤ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለን ለእኔ ያስረዳኝ እሱ ነው፤ እንዴት ረሳው? አለ።

አባባ በረንዳው ላይ ሆኖ መወርወሪያውን ያዝ አድርጎ ያዳምጣል።

ሌንጮ ከራሱ አሮጌ ቪትዝ ቤንዚን ቀዳና የአንተን መኪና አጠጣት፤ ይህንንም ለማየት በቃሁ! ስልኩን ከሞተሯ ጋር አገናኝቶ ቁልፉን አዞረ። ሱሬ፣ ምን ልበልህ። እኔ ቀኑን ሙሉ የምነዳው የሰው ኤሌክትሪክ ታክሲ ነው፤ ድምፅ የሚባል የላትም፣ እንደ ድመት ነው የምትመጣው። የመኪና ድምፅ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀመጥ ረስቼው ነበር። ሌንጮ ስልኩን እያየ፣ ጆሮውንም እየጣለ፣ ነዳጅ እየሰጠ እየቀነሰ ቆየና ማንኳኳት የሚባል ነገር የለም አለ። ብቻ አትጋልቧት፣ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ቀስ በሉ፣ እዚያ አየሩ ይወፍራል ብሎ አስጠነቀቀን። እማዬ እልል አለች። እስከ ዛሬም የቀረችው የጠበል ጠብታ ናት ያስነሣቻት ትላለች፤ ማን ይከራከራታል?

የፍልሰታ ዕለት ማለዳ አባባን እንጦጦ ማርያም ይዤው ወጣሁ። ወንበሩ ሁለት ብቻ ስለሆነ እማዬ በዋዜማው በእግሯ ወጥታ እዚያው አድራለች። አባባ ነጭ በነጭ ለብሶ ቁጭ ሲል መኪናዋ ዝቅ ከማለቷ የተነሣ መሬት ላይ የተቀመጠ መስሎት ሳቀ፤ እንደ ሽመና ጉድጓዴ ናት አለ። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስንወጣ፣ የቁስቋምን መታጠፊያ ስናልፍ ጭጋጉ ዋጠን። ከፊታችን የሚታየው ትንሽ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም እኛ ስንደርስ እየተፈጠረ፣ ስናልፍ እየጠፋ የሚሄድ ይመስላል። ባሕር ዛፎቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፣ ይሰወራሉ። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ከጭጋጉ ወጥተው ቆመው አዩን፣ አባባ እጁን አነሣላቸው፣ ጠፉ። እኔ እየነዳሁ ይሁን እየተኛሁ አላውቀውም ነበር። አባባ መዳፉን በሩ ላይ ለጥፎ ሞተሯን ይሰማል፤ ደህና ትመታለች፣ ድርና ማጉ ተስማምቷል ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብሎ፣ ሱራፌል ቀስ በል አለኝ። አላረምኩትም።

ላይ ስንደርስ ሞተሯን አጠፋሁና ወርደን አፋፉ ላይ ቆምን። ከተማው የለም፤ ያለው ደመና ብቻ ነው። አባባ ቁልቁል እያየ፣ ልጄ እኮ ጋራዥ ከለቀቀ ቆይቷል አለኝ።

ሱሬ፣ እኔ አስቀድሜ ሰምቼ ሆዴ ውስጥ ቀብሬው ነበር። ጀዊሪያ እንደመጣች ሰሞን ነግራኛለች። የምትሠራላቸውን ሰዎችና እሷን ይዞ የሚሄደው ሹፌር ማደያ ሲገባ አየችህ፤ ዩኒፎርም ለብሰህ፣ ለአንድ ቀይ ስፖርት መኪና ቤንዚን ስትቀዳ። በስምህ ስትጠራህ ቀና አልክና ኮፍያህን ዝቅ አድርገህ ዞርክ። ጋራዡ እንደተዘጋም፣ ከዚያ ወዲህ ማደያ እንደገባህም ያወቀችው የአገር ልጆችን ጠይቃ ነው። እኔ ለአባባ አልነገርኩም። እንዴት ነው ያወቅከው ብለው፣ በስልኩ አለኝ። ድሮ ሲደውል ከኋላው መፍቻና መዶሻ ይሰማኝ ነበር፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ የሚሰማኝ መኪና ሲቆም፣ ሰው ሲያዘው፣ እሱም ስልኩን ሸፍኖ እሺ እሺ ሲል ነው፤ ከዚያ የሚፈስስ ነገር ይሰማኛል አለኝ። አየህ፣ አንተ እሱን አፍጥነህ ትሰማዋለህ፤ እሱ ግን አንተን ቀስ አድርጎ ነው የሚሰማህ።

ከዚያ የተናገረውን እንዳለ ልጻፍልህ። እኔን ሸማኔ፣ ቁጢት በጣሽ እያሉ ሲሰድቡኝ አንገቴን ሳልደፋ ያሳደግሁት ልጅ፣ ቤንዚን ቀዳሁ ብሎ ከእኔ ይሸሸጋል? የሰው መኪና ሞልቶ መሸኘት ነውር ነው? የሰው ገላ አልብሼ አይደል ያሳደግሁት? አባባ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ጭጋጉ ነው ብሎ ፊቱን በነጠላው ጠረገ፤ እኔም አዎ ጭጋጉ ነው አልኩት።

እንግዲህ ሌላም የምለው አለኝ ያልኩህ ይኸው ነው። ያፈርክ መስሎኝ በመጀመሪያ አዘንኩ፤ በኋላ ግን ተናደድኩ። ምን አድርገን ነው የምንፈራው? ማነው ከእኛ ውስጥ አለቃ ሆነህ ካልመጣህ ብሎ በር የሚዘጋብህ? መኪናዋ የት እንዳለች ታውቃለህ፣ ምን ዓይነት አየር እንደምትተነፍስ ታውቃለህ፣ ከሌንጮም በላይ ታውቃለህ፤ እያወቅክ ግን ለእሷ የሚሆን ቤንዚን የለም አልከን። ስለ እሷ እያወራህ እንዳልነበረ አሁን ገብቶኛል። ሱሬ፣ ያ ዘጠና ስምንት የዱባይ ሕግ ነው። እዚያ ጭንቁ ይበረታል፣ አየሩም ይወፍራል፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ብዙ አይጠይቅም። አንተንም ዘጠና ስምንት ሆነህ ና ያለህ የለም።

መኪናዋን ለሌንጮ አልሰጠሁትም። እሱም አልወስድም ብሏል፤ ባለቤቷ መጥቶ በፊቴ ፍታት ካላለኝ ቡሎን አልነካም አለ። አባባ በመስከረም ጨንቻ እንደምንወርድ ለዘመድ ሁሉ ተናግሯል፤ ልጄ የት አለ ቢሉኝ መንገድ ላይ ነው እላቸዋለሁ ይላል። እንዳታስዋሸው። ጨንቻም እንደኛው ደጋ ነው፣ መሐል ያለውን ቆላ ቀስ ብለህ ትነዳታለህ፤ አባባ ከጎንህ ይቀመጣል፣ እኔና እማዬ በአውቶቡስ እንከተላለን።

እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች። ቤንዚንህን ያበላሸው የኔ ጠበል እንዳልሆነ ንገሪው ብላለች፤ ስለ ወገብህ ደግሞ ተስላለች። አክስታችን ዓለሜ ቡና ላይ ስምህን ሳታነሣ አትነሣም፤ ሚስት አይቼለታለሁ በይው ብላኛለች፣ ይህን ሰምተህ ግን እንዳትቀር። ሌንጮ ሰላም ብሎሃል፤ ጋራዡ ውስጥ ሁለተኛ የመኪና መጠገኛ ጉድጓድ እያስቆፈረ ነው፣ ማን ሊሠራበት ነው ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። ጎረቤቱ በሙሉ ሰላም ብሎሃል።

አባባ ምን ልጻፍልህ ስለው ምንም አትጻፊ አለና ወደ መጠለያው ገባ። አሁን ጥቅሉን ፍታው። የመኪናዋ ጋቢ ነው። ከእንግዲህ አትተኛም፣ ልብስ አያስፈልጋትም ብሎ አጥቦ፣ በአንተ ቁመት ቆርጦ፣ ዳር ዳሩን ራሱ ቋጥሮታል። የምታድሩበት ክፍል ማቀዝቀዣው እንደሚያንዘፈዝፍ ጀዊሪያ ነግራዋለች። እስከ መስቀል ልበሰው፣ ስትመጣም ለብሰኸው ና ብሎሃል።

የምትወድህ እህትህ
ኢየሩ

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.